ድርብ ጌሾ

እኛ ከተማ ፊት የመንግሥት ነው። አፍንጫም ጉንጭም ግንባርም በአደራ የተሰጠን ንብረት ስለሆነ እንደፈለግን አናጨማድደውም። የከተማዋን ስም አልጽፍላችሁም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ሹም በተቀየረ ቁጥር ስሟም ስለሚቀየር፣ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ሌላ ልታወጣ ትችላለች። እኔ አንጓች እባላለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ስድስተኛን በጣም ስለወደድኩት ደግሜዋለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ አክስቴ ስለ እትዬ ትርንጎና በደጃፏ ስለተሰቀለችው ጣሳ ነው።

በእኛ ከተማ ጠላ የሚሸጥ ሰው ደጃፉ ላይ እንጨት ይተክላል፤ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል። ጣሳ ያየ ይገባል፣ ያላየ ያልፋል። እትዬ ጣሳዋን የወረሰችው ከእናቷ ነው። አንድ ጎኗ ተጎድጉዷል፤ አንድ አስቸጋሪ ጠጪ ግንባር ላይ አርፋ ነው አሉ። ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ጠጣ እንጂ አልከሰሰም። እንግዲህ ጠላው እንደዚያ ነበር። ያቺ ጣሳ ከወረደች ጋኑ ይደፋል፤ ጋኑ ከተደፋ ደግሞ እትዬ፣ ባሏ ጋሼ ሞላልኝና እኔ ምን እንደምንበላ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ሥራ የለውም አልልም፣ አለው። መደብ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናብ አስተያየት ይሰጣል።

ጣሳ የሚያወርደው የጣዕም ጽሕፈት ቤት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ የቅምሻ ቀን ይባላል፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይቀምሳሉ። አለቃቸው ሊቀ ምላስ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ሊቀ ምላስ ገብረየስ ነበሩ። በቀኛቸው ምላሰ ቀኝ፣ በግራቸው ምላሰ ግራ የሚባሉ ሁለት ሹማምንት ይሄዳሉ። የእነሱን ስም ማንም አያውቅም፤ እነሱም የረሱት ይመስለኛል። ከኋላ የፊት ዘቡ አያ ጓንጉል ይከተላል። አያ ጓንጉል አይቀምስም። ሥራው የሚቀምሱትን ሰዎች ፊት ማየት ነው። የራሱ ፊት የተዘጋ ሱቅ ነው፤ ዕቃ ይኑርበት አይኑርበት ከውጭ አይታወቅም።

ሕጉ ቀላል ነው። ሲቀምስ ፊቱ የተንቀሳቀሰበት ሹም ከሹመቱ ይወርዳል፤ ፊት ያንቀሳቀሰ ጠላ ደግሞ ጣሳው ይወርዳል። ሹም ፊቱን ካጨማደደ ሕዝቡ ምኑን ሊያጨማድድ ነው? ሕጉ የወጣው አንድ የጥንት ሊቀ ምላስ አንዲት ሴትዮ ቤት ቀምሰው ፊታቸው ስለተበላሸ ነው ይባላል። ሴትዮዋ ሚስታቸው ነበሩ።

ጉዱ የጀመረው ጋሼ ሞላልኝ ሚስቱን የረዳ ቀን ነው።

በእኛ ዘንድ ጌሾ የጨመረ ሰው ጋኑ እስኪመረግ ድረስ አይናገርም። ጌሾ ወሬ ከሰማ ያኮርፋል፤ ያኮረፈ ጌሾ ደግሞ ጠላውን ይዞት ይጠፋል ይባላል። ስለዚህ የጌሾ ዕለት ቤቱ ሁሉ ድዳ ነው። እትዬ በማለዳ ጌሾዋን ጨመረች። ለሚቀጥለው ጥንስስ ያስቀመጠችውን የተወቀጠ ጌሾ በሰፌድ እዚያው ጋኑ አጠገብ ትታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ጎረቤት ለቅሶ ደረሰች። ለቅሶ ላይ ዝም ብትል ማን ይታዘባታል?

ጋሼ በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ «ባል ሚስቱን ይርዳ» ሲባል ሰምቶ ነበር። በትዳሩ ዘመን ሁሉ የድስት ክዳን ያላነሳ ሰውዬ ብድግ አለና ሰፌዱን እንዳለ ጋኑ ውስጥ ገለበጠው። ሰፌዱንም አራግፎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እትዬ ስትመለስ እኔም ከትምህርት ቤት ደረስኩ። እትዬ የተሰቀለውን ሰፌድ አይታ፣ ጌሾውን ጓዳ ያስገባላት መስሏት፣ በዓይኗ መረቀችው። ጋሼ ሊነግራት ቋመጠ። ግን ጌሾ ጨምሯል፤ አይናገርም። ጋኑን በጣቱ አሳያት። ቀጥሎ ራሱን አሳያት። ቀጥሎ ደረቱን ደለቀ። እትዬ ራበኝ ያለ መስሏት እንጀራ በወጥ አቀረበችለት። ምን ያድርግ፣ በላ።

ጋኑ ተመረገ፤ አፍ ተፈታ።

«ዛሬ ረዳሁሽ» አላት ጋሼ፣ ጢሙን እየጠራረገ።

«በምን?»

«ጌሾውን ጨመርኩልሽ።»

እትዬ ጭቃ የያዘ እጇን አየችው። «እኔ እኮ ጠዋት ጨምሬዋለሁ።»

«እኔም ጨመርኩ።»

«ሰፌዱን ሙሉ?»

«ታዲያ ግማሽ እርዳታ አለ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን አንድ ቀን ብትረዳኝ፣ እሱንም ጋን ከተመረገ በኋላ ነው የምትነግረኝ?»

«በእጄ ነግሬሽ ነበር» አለ ጋሼ ተቀይሞ። «እንጀራ ሰጠሽኝ።»

የተመረገ ጋን ቀኑ ሳይደርስ አይከፈትም፤ ከከፈቱት ውስጡ ያለው ሁሉ ኮምጣጤ ይሆናል። ቀኑ ደግሞ የቅምሻ ቀን ነው። ሌላ ጋን የለንም። እትዬ እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ወጥታ ጣሳዋን ቀና ብላ ታያት ነበር፤ መንገደኛ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው።

ቀኑ ደረሰና ተከፈተ። እትዬ በሽክና ጨለፍ አድርጋ ቀመሰች። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ከዚያ አንዱ ዓይኗ ለብቻው ተዘጋ። ከዚያ ከንፈሯ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ ፊትሽ!»

«አውቃለሁ።»

«አልተመለሰም እኮ።»

«ይመለሳል፣ ዝም በይ። በሩን ጠብቂ።»

ፊቷ ሳይመለስ መጡ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጽዋ የምታጸዳ መሰለች፤ መቅዳት የኔ ሆነ። ልጅ አይቀምስም፣ ይቀዳል እንጂ፤ በእኛ ከተማ ልጅ ፊቷን መያዝ እስክትችል ድረስ አይታመንባትም።

ሊቀ ምላስ ገብረየስ ሽክናውን ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉ፣ አንዴ ተጎነጩ። አያ ጓንጉል አንገቱን አስግጎ ፊታቸው ላይ ተተከለ። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። እውነቱን መናገር ነው፤ እንደዚያ ያለ ያልተንቀሳቀሰ ፊት አይቼ አላውቅም። ጆሯቸው ግን እንደ በርበሬ ቀላ። ሕጉ ስለ ጆሮ አንድም ቃል አይልም። ከቀኝ ዓይናቸው አንዲት እንባ ወጥታ ጉንጫቸው ላይ ወረደች፤ እሷም ቢሆን ውሃ እንጂ ፊት አይደለችም። ጋሼ መደቡ ላይ ሆኖ ያስላል። እትዬ ከግድግዳው ጋር ትጸልያለች።

«ጥልቅ ነው» አሉ ሊቀ ምላስ በመጨረሻ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ነገር ግን በቅምሻ ሥርዓት ተከታይ የቀመሰ ሰው የፊተኛው ያላለውን ጣዕም መጥራት አለበት፤ አለዚያ ምላሱ ሥራ ፈትቷል ተብሎ ይጻፍበታል። ምላሰ ቀኝ ተጎነጩ። ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ ቆየ።

«የብርቱካን ልጣጭ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ዶሮ ቀጥኖ።

ምላሰ ግራ ተጎነጩ። አንድ እግራቸው ለብቻው መሬቱን መታ። «የጽድ ሙጫ። ዝናብ የነካው።»

«የየትኛው ዝናብ?» አሉ ሊቀ ምላስ።

«የሰኔ መጀመሪያ።»

«ትክክል። ከኋላ ደግሞ የአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ይመጣል። ፀሐይ የመታው።»

«የጫማ ቀለምም አለ» አሉ ምላሰ ቀኝ፣ ላለመበለጥ። «ግን የሚያምር የጫማ ቀለም።»

«ኧረ ጌሾ ነው!» አለ ጋሼ ከመደቡ ላይ። «ጌሾ በዝቶበት ነው፤ እኔ ነኝ የጨ...»

«ተራ ሰው ምላስ አለኝ ብሎ መናገሩ!» አሉ ሊቀ ምላስ። ከዚያ ወደ እትዬ ጀርባ ዞሩ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህን እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?»

እትዬ ፊቷ ስለተመለሰ ዞረች። «ጌታዬ፣ ጌሾው... ሁለት ጊዜ ገባ።»

«ድርብ ጌሾ!» አሉ ሊቀ ምላስ። ሁለቱ ምላሶችም «ድርብ ጌሾ!» አሉ፤ አዲስ ነገር የመጥራት ግዴታ ስላልነበረባቸው ደስ ብሏቸው። ሊቀ ምላስ ሲወጡ ሽክናውን ሰጡኝ። አንዴ የተጎነጩበት ነው፤ የቀረው ሞልቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ጣሳችን ላይ ሪባን ታሰረ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብትሰሙ ይህች ልጅ ትዋሻለች ትላላችሁ፤ ብትሉም ግድ የለኝም።

አንደኛ፣ ጠላ ጠላ መባሉ ቀረ። ተራ ስም ነው ተባለና «የእጅ ጥበብ ቢራ» ሆነ። ያው ጋን ነው፣ ያው ጌሾ ነው፣ ያው የእትዬ እጅ ነው። ድሮም በእጇ እንጂ በእግሯ አልጠመቀችውም። መራራ የሚለው ቃልም ተከለከለ፤ በምትኩ «ጥልቅ» እንድንል ታዘዝን። ኮሶ ጥልቅ ሆነ፣ ሬት ጥልቅ ሆነ፣ መርራ የተጣለች የጎረቤታችን ቅል እንኳ ጥልቅ ቅል ተባለች።

ከዚያ ከተማው ሁሉ በድርብ ጌሾ እንዲጠምቅ ታዘዘ። ጽሕፈት ቤቱ ጠንቃቃ ስለሆነ አንድም ነገር እንዲጎድል አልፈለገም፤ አጠማመቁን ከጋሼ አፍ ሰምቶ እንዳለ ደነገገው። ሚስት ጠዋት ጌሾ ትጨምራለች። ለቅሶ ትሄዳለች። ባል ሰፌዱን ይገለብጣል። ባል ጋኑን፣ ራሱን ያሳያል፣ ደረቱን ይደልቃል። ሚስት እንጀራ በወጥ ታቀርባለች። ባል ይበላል። በእኛ ሰፈር በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው ስላልነበረ ሴቶቹ ወደ ሌላ ሰፈር እየሄዱ የማያውቁትን ሰው አለቀሱ። ባል የሌላት ከጎረቤት ትዋስ ነበር። አንዱ ባል አምስት ቤት ተውሰውት አምስት ቤት እንጀራ በልቶ ታመመ፤ ለሙያው የተሠዋ ተብሎ ተመሰገነ።

ጋሼ ሞላልኝ ሊቀ ጌሾ ተብሎ ተሾመ። ካባ ሰጡት። «እንዴት እንደረዳሁ» የሚል ሥልጠና ይሰጣል። እቤት ሲመጣ ግን ካባው እንዳይቆሽሽ ስለሚፈራ ከዚያች ቀን በኋላ ምንም ረድቶ አያውቅም።

ድርብ የጠመቁትን ሦስት እጥፍ የጠመቁት በለጧቸው፤ ሦስት እጥፎቹን ደግሞ አራት እጥፍ አሳፈራቸው። በየቤቱ ገበታ ላይ አንድ እንስራ የእጅ ጥበብ ቢራ እንዲቀመጥ ታዘዘና ሁሉም ገዛ። ሰው ሁሉ ፊቱን መያዝ ተለማመደ። ሠርግ ላይ ሙሽራው ሙሽሪትን ሲያይ ፊቱ ስላልተነቃነቀ ጨዋ ነው ተባለ። ሙሽሪትም ስላልተነቃነቀች ጨዋ ናት ተባለች። አሁንም ድረስ ተዋደው ይሁን ተጣልተው ማንም አያውቅም፤ እነሱም ጭምር። ለቅሶ ቤት ሄደን ሟች የማን ዘመድ እንደሆነ መለየት አቅቶን «ነፍስ ይማር»ን ለባለ ድንኳኑ ተናግረን ተመለስን።

የአጥር ተክል ደግሞ ይደርቅ ጀመር። መጀመሪያ የኛ፣ ቀጥሎ የጎረቤት፣ ቀጥሎ መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ። ጽሕፈት ቤቱ «ቅጠሎች ዕረፍት ላይ ናቸው» አለ። እትዬ ግን ጠርጥራ አንድ ቀን በመስኮት ተደብቃ አየች።

አባባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ከእትዬ እናት ጊዜ ጀምሮ የበሩ አጠገብ መቀመጫ የእሳቸው ናት፤ ጥርስ ሳያበቅሉ ጀምሮ ይመጡ ነበር ይላሉ፣ አሁንም ጥርስ የላቸውም። ሽክናቸውን ይዘው ወጡ፣ ግራና ቀኝ አዩ፣ አጥሩ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ከኋላቸው ሌላ ጠጪ ወጣ፤ አፈሰሰ። ከእሱም ኋላ ሌላ። ተራ ይዘው ነበር የሚደፉት።

እትዬ ወጥታ አባባ አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ አልጣመዎትም?»

«ጥልቅ ነው ልጄ።»

«እኔን ነው ጥልቅ የሚሉኝ? እኔን ትርንጎን?»

አባባ ይማም የደረቀውን የአጥር ቅትቅታ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉት። «እናትሽ እንኳንም ይህን ሳያዩ ሄዱ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ያዘኑላት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሰው ድገሚኝ ካለሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

እትዬ በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው። እኔ ግን ታውቁኛላችሁ፣ ዝም አልልም። «አባባ፣ ከሪባኑ ወዲህ ማንም ብሎ አያውቅም» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች እትዬ። ገባችና ባዶ ሰፌድ ይዛ ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ሽያጭ እንደዚያ ዓመት ሆኖላት አያውቅም። ጠጪ ነው ያልነበራት።

ከዚያ በኋላ ጓዳ ውስጥ ትንሽ ገንቦ ስትደፈድፍ አገኘኋት። ጌሾውን በእፍኟ ለክታ ጨመረች። ጋሼ ካባውን ለብሶ ብቅ ሲል በዓይኗ ብቻ መለሰችው፤ በዚያ ዕለት መናገር ስለማይቻል ያለችውን ሁሉ ያለችው በዓይኗ ነው፣ ሁሉንም ደግሞ ገብቶታል። ገንቦዋ ስትደርስ ለአባባ ይማም ሰጠኋቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሽክናውን ይዘው ወደ አጥሩ ሊነሱ ነበር። ለይሉኝታ ያህል ከንፈራቸውን አስነኩት። ቆሙ። ተመልሰው ተቀመጡ። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡትና ሽክናውን ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ።»

እትዬን አየኋት። ጓዳ ገብታ ዓይኗን እየጠራረገች ጭሱን ረገመች። በዚያን ቀን እሳት አላነደድንም።

የሚቀጥለው የቅምሻ ቀን ደረሰ። የእትዬ ዝና ስለገነነ ቅምሻው በአደባባይ እንዲሆን፣ ከእሷም ጋን እንዲጀመር ተወሰነ። የዓመቱ ልክ ሰባት እጥፍ ነው። ጋሼ ሰባት ባሎች አስተባብሮ ሰባት ሰፌድ አስገልብጦ ነበር፤ ሰባቱም በልተዋል። ጋኑ በጋሪ ተጭኖ አደባባይ ወጣ። ሲከፈት አንድ አህያ ጋሪውን ትቶ ሄደ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሹማምንቱ ጥላ ሥር ተደረደሩ። አያ ጓንጉል ቦታውን ያዘ። ሊቀ ምላስ ገብረየስ በዓመቱ ውስጥ ከስተዋል፤ ጆሯቸው ግን እንደቀላ ቀርቷል። ሽክና አንስቼ ወደ ጋኑ ስሄድ እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንጓች፣ ጋሪው ላይ የሸሸግኳትን ትንሿን ገንቦ አምጪ።»

«እትዬ፣ ትልቁ እኮ ነው ለ...»

«ትንሿን አልኩ።»

ጋሼ ሰማ። «ትርንጎ! አብደሻል እንዴ? ቅራሪ ነው ይሉታል! ጣሳሽን ያወርዱታል! የእናትሽን ጣሳ!»

«ታዲያ እናቴ ናት እኮ የላከችኝ» አለች እትዬ። አልጮኸችም። ገንቦዋን ራሷ አዘንብላ ቀዳች፤ ራሷ ወስዳ ሰጠቻቸው።

ሊቀ ምላስ ተዘጋጁ። ጥርሳቸውን ነከሱ፣ የእግር ጣቶቻቸውን ጫማቸው ውስጥ ሲጨብጡ ቆዳው ከውጭ ተነሣ፣ ዓይናቸውን ሰማዩ ላይ ተከሉ። ለሰባት እጥፍ ነበር የተዘጋጁት። ተጎነጩ።

ክፍት በር በትከሻው ሊሰብር የተንደረደረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቸው እንደዚያ ሆኑ። የነከሱት ጥርስ የሚይዘው አጥቶ ተፈታ። ጉንጫቸው ተነሣ። ዓይናቸው ጥግ ላይ ለዓመታት ያልተከፈቱ መስመሮች ተከፈቱ። አደባባዩ ሁሉ ጸጥ ብሎ የአንድ ሹም ፊት ሲነቃነቅ ያያል። ሊቀ ምላስ ግን የሚያዩዋቸውን ረስተዋል። ሁለተኛ ተጎነጩ፤ ሕጉ አንዴ ብቻ ነው የሚለው። ሦስተኛ። እስከ አተላው ጨለጡትና ሽክናውን ለእትዬ ዘረጉ።

«ድገሚኝ።»

ምላሰ ቀኝ ደነገጡ። «ሊቀ ምላስ ያሉት... ጥልቅ ነው ለማለት ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«የብርቱካን ልጣጭ?»

«ጠላ ነው፣ ወንድሜ» አሉ ሊቀ ምላስ ገብረየስ። «ድገሚኝ አልኩ እኮ፣ እመቤቴ። አትሰሚኝም እንዴ?»

እትዬ ደገመቻቸው። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳቀ፤ አባባ ይማም ናቸው። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተበተነ፣ ምክንያቱም አያ ጓንጉል ማየት ጀምሮ ነበር።

ሕግ ሕግ ነው። ሊቀ ምላስ «በራሳቸው ጥያቄ» ከሹመታቸው ወረዱ፤ ጥያቄያቸው «ድገሚኝ» የሚል ነበር። ምላሰ ቀኝ ሊቀ ምላስ ሆኑ። ጋሼ ካባውን መለሰ፤ ሲመልስ ቅር ያለው ኪሱ ጥልቅ መሆኑ ብቻ ነው። የኛንም ጣሳ ሊያወርድ አያ ጓንጉል መሰላል ተሸክሞ መጣ። መሰላሉ ስለሚወዛወዝ እትዬ ከታች ያዘችለት።

«እንዳትወድቅ አያ ጓንጉል፤ ሦስተኛው እርከን የላላ ይመስላል።»

አያ ጓንጉል ሦስተኛውን እርከን ዘሎ ወጣ። ሪባኑን ፈታ፣ ጣሳዋን አወረደ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። እትዬ ባዶውን እንጨት አየችው። «እንግዲህ» አለችና ሽክናዎቿን ሰበሰበች። ጠላው ከቀረ እኔም ከትምህርት ቤት እየቀረሁ፣ ስድስተኛን ሦስተኛ ጊዜ የምማርበት ዓመት መስሎ ታየኝ።

በማግስቱ አንድ ሰው በጓሮ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጓሮው ሞላ። ጣሳ የሰቀሉት ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ ሰው ራቁቱን የቆመውን እንጨት እያየ ይገባ ጀመር። ይህን ያዩ ሌሎች ጠማቂዎች የራሳቸውን ጣሳ በእጃቸው አወረዱ። ጽሕፈት ቤቱ ተሰብስቦ ባዶ እንጨት እንዲነቀል አዘዘ። ተነቀለ። ጉድጓዱ ቀረ። አሁን ሰው ጉድጓዱን እያየ ይገባል። ጉድጓድ መንቀል የሚችል ሹም እስካሁን አልተሾመም፤ ማስታወቂያው ግን ወጥቷል ይባላል።

ትናንት ቀትር ላይ ጓሮ ነበርን። አባባ ይማም በቦታቸው ናቸው። ከጎናቸው የቀድሞው ሊቀ ምላስ ስለ ጥርስ አለመኖር ይጠይቋቸዋል። አጥሩ ሥር ከደረቀው ቅትቅታ ጎን አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። በሩ ተገፋና አያ ጓንጉል ገባ።

ሁሉም ሽክናውን ጉልበቱ መሃል ደበቀ። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። እኔ ሰውየው ገንቦዋን ሊሰብር የመጣ ስለመሰለኝ ቀድሜ አቀፍኳት።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አያ ጓንጉል መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቅጂ።»

እትዬን አየኋት። በአገጯ ቅጂ አለችኝ። ቀዳሁ። አያ ጓንጉል ተጎነጨ። ሁላችንም ፊቱን አየን፤ ዕድሜ ልኩን ፊታችንን ሲያይ ለኖረ ሰው ብድሩን መለስንለት። ምንም የለም። ተዘግቷል። ሌላ ተጎነጨ፤ ተዘግቷል። እስከ ታች ጠጥቶ ሽክናውን መሬት አስቀመጠ፤ አሁንም ተዘግቷል። በቃ፣ አልኩ በሆዴ፣ ይሄ ሰው ዕቃ የለውም።

አያ ጓንጉል እጁን ብብቱ ሥር ሰደደ። አንድ ጎኗ የተጎደጎደች ጣሳ አወጣ። በካፖርቱ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«ሁለተኛውን በዚህ አድርጊልኝ» አለ።

በዚህ ጊዜ የእትዬ ፊት ምን እንደሆነ አልጽፍላችሁም። ፊት የመንግሥት ነው።